ዝሆኔ ሣርን መቼ ማጨድ፣ መቼ ዩሪያ መስጠት ይሻላል?

በባሕር ዳር ዙሪያ ላም የሚያልብ ሰው ዝሆኔ ሣሩ ከሰው ቁመት ሲበልጥ ደስ ይለዋል። ላሟ ግን አትስማማም፤ ቅጠሉን ለቅማ አገዳውን ግርግሙ ውስጥ ትተወዋለች። ሣር ባረጀ ቁጥር ፕሮቲኑ ይቀንሳል፤ ቃጫው ይበዛል። ፕሮቲኑ ከደረቅ ክብደቱ 7 በመቶ በታች ሲወርድ መኖውን በሆዷ ውስጥ የሚያብላሉት ረቂቅ ሕዋሳት ይዳከማሉ፤ ላሟ ጠግባ እያደረች ወተቷ ይጎድላል። ስለዚህ ከዩሪያ ማዳበሪያው በፊት ማጭዱን ያስቡ።

በሰኔ የተተከለ ሣር ሥር እንዲሰድ ለመጀመሪያው አጨዳ 3 ወር ያህል ይታገሡት። ከዚያ በኋላ ቁመቱ 1 ሜትር ገደማ በደረሰ ቁጥር ይጨዱት፤ በክረምት ይህ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይወስዳል። በበጋ፣ መስኖ ከሌለ፣ ስለሚዘገይ ሳምንት ከመቁጠር ቁመቱን ማየት ይሻላል። ለጋነቱ አጓጉቷችሁ በየ3 ሳምንቱ ብታጭዱት መኖው ግሩም ይሆናል፤ ነገር ግን ምርቱ ያንሳል፤ ሥሩም ስንቅ ሳይቋጥር ይመነምናል።

ማጭዱ ስለታም ይሁን። ከመሬት ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ጉቶ ይተዉ፤ አዲሱ ቀንበጥ የሚያቆጠቁጠው ከዚያ ነው። የታጨደውን ከትፈው ካቀረቡት አገዳውም ይበላል።

ዩሪያ የሚሰጠው ካጨዱ በኋላ፣ አፈሩ እርጥብ ሳለ ነው። ለ10 ሜትር በ10 ሜትር ማሳ 1 ኪሎ ይበቃል፤ ይህም በሄክታር 46 ኪሎ ናይትሮጅን ማለት ነው። ከጉቶው አንድ ስንዝር ራቅ ብለው ትንሽ ቦይ ያውጡ፣ ይበትኑ፣ ወዲያው አፈር ያልብሱት። ላዩ ላይ ከተተወ ናይትሮጅኑ አሞኒያ ሆኖ ይተንናል፤ የከፈሉበት ገንዘብ አብሮት ይሄዳል። ዩሪያ ቅጠሉን ያበዛል፣ ፕሮቲኑንም ከፍ ያደርጋል፤ ያረጀውን አገዳ ግን ለጋ አያደርገውም። ብዙ ዩሪያ ወስዶ በድርቅ የጠወለገ ሣር ናይትሬት ሊያጠራቅም ስለሚችል ለከብት አይስጡት። ከረጢቱንም ላም ከማትደርስበት ያስቀምጡ፤ ዩሪያ የላሰች ላም ልትሞት ትችላለች።

ማሳዎ ከጣና ወይም ከዓባይ ዳር ከሆነ ወደ ውኃው ያለውን ጠርዝ ያለ ማዳበሪያ ይተዉት። እምቦጭ የሚፋፋው ጎርፍ አጥቦ በሚወስደው በዚሁ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ነው። እንዲህ ባለ ማሳ የበሰበሰ ፍግ እመርጣለሁ፤ እሱም ቢሆን ከዳርቻው ራቅ ብሎ፣ ከአፈር ጋር ተቀላቅሎ።

ዝናቡ ካበቃ በኋላ መስኖ ለሌለው ማሳ ዩሪያ መግዛት ብክነት ነው። ያን ጊዜ ፍጉን በጉቶዎቹ መካከል አልብሰው እስከ ቀጣዩ ዝናብ ይቆዩ።