ማንዳዋ ሁለት ሌሊት እደሩ

ዴልሂ ለትምህርት ወይም ቤተሰብ ለማሳከም የሄደ ሰው ሦስት ቀን እረፍት ሲያገኝ የት እንደሚሄድ ይታወቃል። አግራ፣ ታጅ ማሃል፣ ከዚያ ጃይፑር፣ ፎቶ አንስቶ መመለስ። እኔም የመጀመሪያውን ዓመት እንደዚያው አሳለፍኩት። በሁለተኛው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ግን አንድ የክፍል ጓደኛዬ አያቶቹ ወደሚኖሩባት ማንዳዋ ይዞኝ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሕንድ ለሚጠይቀኝ ሁሉ መጀመሪያ የማወራው ስለዚች ከተማ ነው።

ማንዳዋ ራጃስታን ግዛት ውስጥ ናት፤ ሼካዋቲ በሚባለው ደረቅና አሸዋማ አካባቢ፣ ጁንጁኑ አውራጃ። ትንሽ ናት። ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግር ትታያለች። ግን ግራና ቀኝ ያሉት አሮጌ ቤቶች ግድግዳቸው ከውጭም ከውስጥም፣ ከጣራው ሥር እስከ በሩ መቃን ድረስ ሥዕል ነው። ዝሆን፣ ንጉሥ፣ የሂንዱ አምላክ ክሪሽና ከላሞቹ ጋር፣ ባቡር፣ አውቶሞቢል፣ ስልክ የያዘ ልጅ። እነዚህን ቤቶች ሃቬሊ ይሏቸዋል።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገራችሁ። ብዙ አስጎብኚ ከጃይፑር ወደ ቢካኔር ሲያልፍ ምሳ ያበላችሁና ለማንዳዋ ሁለት ሰዓት ይሰጣችኋል። በዚህ አትስማሙ። ቀኑን ሙሉ መኪና እየመጣ ሰው ያራግፋል፣ ሻጩም ልጁም እንግዳውን ይከተላል፣ ሁሉም ይጣደፋል። ማታ መኪኖቹ ሲሄዱና በማግስቱ ጠዋት ሱቆቹ ሳይከፈቱ ግን ከተማዋ ሌላ ናት። ሁለት ሌሊት ካደራችሁ ሰው ፊታችሁን ይለምዳል፣ ተዘግቶ ያለፋችሁት በርም በሁለተኛው ቀን ይከፈትላችኋል።

መቼ ልሂድ ካላችሁ፣ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ የካቲት መጨረሻ። ግንቦትና ሰኔ ላይ ሙቀቱ 45 ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን አለ፤ በዚያ ጊዜ የአገሩ ሰው ራሱ ቀን ቀን ከቤት አይወጣም። ታኅሣሥና ጥር ላይ ደግሞ ቀኑ ደስ ይላል፣ ሌሊቱ ግን ክፉኛ ይበርዳል። ቤቶቹ የተሠሩት ለሙቀት ነው፤ ማሞቂያ ብዙ አትጠብቁ። ጋቢ ያለው ሰው ጋቢውን ይያዝ። እኔ የመጀመሪያዋን ሌሊት በጃኬት ተኝቼ ነው ያነጋሁት።

ማንዳዋ የራሷ ባቡር ጣቢያ የላትም። ከዴልሂ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በመኪና አምስት ስድስት ሰዓት ይወስዳል። ከጃይፑር ከሆነ አራት ሰዓት ገደማ ነው፣ እኔ የምመክረውም ይሄኛውን ነው፤ ምክንያቱም ሲንዲ ካምፕ ከሚባለው ከዋናው መናኸሪያ ወደ ጁንጁኑ የሚሄድ አውቶቡስ አለ፣ ከጁንጁኑ ማንዳዋ ደግሞ ከ30 ኪሎ ሜትር አይበልጥም፣ እሱን በአካባቢው አውቶቡስ ወይም ሰው እየጠቀጠቀ በሚጭን ጂፕ ትጨርሱታላችሁ። ጠዋት ተነሱ። ከመሸ በኋላ ጁንጁኑ ላይ መኪና መፈለግ አድካሚ ነው።

ማደሪያ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሕንድ ውስጥ የውጭ ዜጋ የሚያሳድር ሁሉ የእንግዳውን ፓስፖርትና ቪዛ ፎርም ሲ ሲባል በኖረ ቅጽ በ24 ሰዓት ውስጥ ለመንግሥት ማሳወቅ አለበት። ትንንሽ ማረፊያዎች ይህን ማድረግ ስለማይችሉ ወይም ስለማይፈልጉ የውጭ ሰው አንቀበልም ይላሉ። አንድ ጊዜ በሌላ ትንሽ ከተማ ክፍል ይዤ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ደርሼ (ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የምናገረው) ከበር መልሰውኛል። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉና የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዘን እንመጣለን፣ ፎርም ሲ ትሞላላችሁ ወይ ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። ማንዳዋ ቱሪስት ስለለመደች ችግሩ ይቀንሳል። ከሃቬሊዎቹ ጥቂቶቹ ራሳቸው ሆቴል ሆነዋል፣ በ1755 በናዋል ሲንግ የተሠራው ምሽግም እንዲሁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

ካሽ ያዙ፣ በተለይ ዝርዝር። የአገሩ ሰው ሻይ እንኳ የሚከፍለው ስልኩን ባንኮኒው ላይ በተለጠፈው ኮድ ላይ ደግኖ ነው፤ የሕንድ ባንክ ሂሳብ የሌለው እንግዳ ግን ብዙ ጊዜ ይሄ አይሠራለትም። ባለ 500 ሩፒውን ጃይፑር ላይ በ10፣ በ20፣ በ50 እና በ100 ዘርዝሩት። ለሻይ ቤት ባለቤት በጠዋቱ 500 መዘርጋት እሱንም እናንተንም ያጨናንቃል።

ወደ ሥዕሎቹ ልግባ። እነዚህን ቤቶች ያሠሯቸው ማርዋሪ የሚባሉ ነጋዴዎች ናቸው። ድሮ በግመል የሚሄደው የሲራራ ነጋዴ በሼካዋቲ በኩል ያልፍ ነበር፤ ሀብቱ የመጣው ከዚያ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን እንግሊዞች ንግዱን ወደ ካልካታና ወደ ቦምቤይ ወደቦች ሲስቡት የማንዳዋና የአካባቢዋ ነጋዴዎችም ተከትለው ሄዱ። ሚስትና ልጆች እዚሁ ቀሩ። ገንዘቡ ተመልሶ መጣና ቤት ሆነ፤ ጎረቤት ቤቱን በሥዕል ሲያስጌጥ ሌላው የበለጠ ያስጌጣል። ውጭ ሀገር ሠርቶ ትውልድ ሰፈሩ ላይ ፎቅ የሚያቆም ዘመድ ያለው ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ከሕንድ ታላላቅ ባለሀብቶች አንዱ የሆነው የቢርላ ቤተሰብ መነሻ ፒላኒም እዚሁ ጁንጁኑ አውራጃ ውስጥ ናት።

ሠዓሊዎቹ ደግሞ ግንበኞች ነበሩ። ኖራው ሳይደርቅ በላዩ ይስሉበታል፣ ቀለሙ ከግድግዳው ጋር አብሮ ይደርቃል። ጥቁሩ ከጥላሸት፣ ነጩ ከኖራ፣ ሰማያዊው ከኢንዲጎ ተክል፣ ቀዩ ከአፈር። በኋላ ከአውሮፓ የፋብሪካ ቀለም መጣ። እኔን በጣም የሚነካኝ ብዙዎቹ ባቡርና አውሮፕላን የሳሉት ሳያዩ መሆኑ ነው፤ ካልካታ ደርሶ የመጣ ሰው ያወራላቸዋል ወይም ሥዕል ያሳያቸዋል፣ እነሱ ይስሉታል። ለዚህ ነው ባቡሩ አንዳንዴ ጎማ የተገጠመለት ተከታታይ ቤት የሚመስለው። ቆማችሁ እዩት።

ሙርሙሪያ ሃቬሊ ጋ የሕንድ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ኔህሩ ፈረስ ላይ ሆኖ የሕንድን ባንዲራ ይዟል፣ የቬኒስ ጀልባዎችም አሉ። ኔዋቲያ ሃቬሊ የውጭ ግድግዳ ላይ ስልክ የሚያወራ ልጅና የራይት ወንድማማቾች አውሮፕላን ታገኛላችሁ። ጁንጁንዋላ ሃቬሊ ውስጥ በወርቅ ያሸበረቀ ክፍል አለ። ጎይንካና ላዲያ የሚባሉትንም ጠይቁ፣ ማንም ያሳያችኋል። ግን ዝርዝር ይዛችሁ አትሩጡ። ስም የሌለው ግማሹ የፈረሰ ቤት ጋ ቆማችሁ የምታዩት ይበልጥባችሁ ይሆናል።

አገባቡ እንዲህ ነው። ብዙዎቹ ቤቶች ባለቤቶቻቸው ሙምባይ (የድሮዋ ቦምቤይ) ወይም ኮልካታ (የድሮዋ ካልካታ) ናቸው፣ ውስጥ የሚኖረው ቾኪዳር የሚሉት ዘበኛ ከነቤተሰቡ ነው። በሩ ገርበብ ያለ ቢሆንም ዘላችሁ አትግቡ። አንኳኩ፣ "ራም ራም ሳ" በሉ፣ ጠብቁ። ሰላምታው የአገሩ ነው፤ ከእንግዳ አፍ ሲሰሙት ፊታቸው ይፈታል። የመጀመሪያው ግቢ የወንዶችና የእንግዳ ነው፣ የውስጠኛው የሴቶች ነበር፤ ዛሬም እዚያ ልብስ የሚያጥብና ልጅ የሚያጠባ ሰው ስላለ ሳትጠየቁ አትለፉ። ስትወጡ 50 ወይም 100 ሩፒ ስጡ። ግድግዳውን በእጅ አትንኩ፤ ኖራው እየተፈረፈረ ነው።

መንገድ ላይ አስጎብኛችሁ የሚሉ ልጆች ይከተሏችኋል። አንዱን መያዝ ጥሩ ነው፤ የት በር እንደሚከፈት ያውቃል። ብቻ ዋጋውን ቀድማችሁ ጨርሱ፣ ሱቅ መሄድ እንደማትፈልጉም ንገሩት። ሱቅ ላይ የቆየ በር፣ የተቀረጸ መስኮት ያሳዩዋችኋል። አትግዙ። ከእነዚሁ ቤቶች ተነቅሎ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያም በላይ ከ100 ዓመት በላይ የሆነው ቅርስ ከሕንድ እንዳይወጣ የ1972 ሕግ ይከለክላል።

ስለ አነጋገር። ሂንዲም እንደ እኛ አንተና አንቱ አለው። "ቱም" ለጓደኛ ነው፣ "አፕ" ለታላቅና ለማታውቁት። እናንተ ሁሌም "አፕ" በሉ፣ ስም ስትጠሩም መጨረሻው ላይ "ጂ" ጨምሩ። ሴት ሻጭን "ዲዲ" ብትሏት እንደ እትዬ ነው። ሽማግሌ ሲገባ ብድግ ማለት፣ በቀኝ እጅ መስጠትና መቀበል፣ ጫማ በር ላይ ማውለቅ፣ ይሄን ሁሉ ከቤታችን ይዘነው ነው የምንሄደው፤ እነሱም ያስተውሉታል። ፊታቸውን በሻሽ የሸፈኑ ሴቶችን ሳትጠይቁ ፎቶ አታንሱ። ነጠላ ያላት ሴት ነጠላዋ ለቤተ መቅደስ ይበቃታል፤ ትከሻና ጉልበት ይሸፈን፣ ለወንዱም ቁምጣ አይመከርም።

ሰው ያያችኋል። ትክ ብሎ ያያችኋል፣ ፎቶ አብረን እንነሳ ይላል። አብዛኛው ጉጉት ነው፣ በፈገግታ ያልቃል። ሲደክማችሁ ግን "ባስ" በሉና ሂዱ፤ ይበቃል ማለት ነው፣ ማንም አይቀየምም። አንዳንዴ "ሀብሺ" የሚል ቃል ጆሯችሁ ይገባል። ሐበሻ ከሚለው የመጣ ነው፣ ጥንት ከእኛ አካባቢ ወደ ሕንድ የተወሰዱ ሰዎች የተጠሩበት ስም፤ ከእነሱ አንዱ በ1626 የሞተው ማሊክ አምባር በደቡብ የአህመድናጋርን መንግሥት ይመራ ነበር። ዛሬ ቃሉ ጥቁርን ለመስደብም ይውላል፣ ይሄ ያማል። እኔን አንድ ልጅ ሻይ ቤት እንዲህ ሲለኝ አዎ ሐበሻ ነኝ፣ ከኢትዮጵያ ነኝ ብዬ ስለ ማሊክ አምባር ነገርኩት። አጠገባችን የነበሩት ሽማግሌ ወንበር ስበው ተቀመጡና ሁለተኛውን ሻይ እሳቸው ከፈሉ። ሁሌ እንዲህ ያልቃል አልልም። ክፋቱን ካያችሁበት ዝም ብላችሁ ተነሱ።

ምግብ ላይ ጿሚ ሰው ይደሰታል፤ አብዛኛው ቤት ሥጋ የለም። ባጅራ ከሚሉት እህል የሚጋገር ቂጣ፣ ከሽምብራ ዱቄት የተሠራ ጋቴ፣ ከደረቅ በረሃ ቁጥቋጦና ዛፍ የሚለቀም ኬር ሳንግሪ፣ ዳል ባቲ ቹርማ (የጥራጥሬ ወጥ፣ የተጋገረ ድቡልቡል ዳቦና ጣፋጭ ፍርፋሪ)። በዓቢይ ጾም የምትሄዱ ከሆነ ግን ቅቤውን አስቡበት፤ ጊ ሳይነካው የሚመጣ ቂጣ ጥቂት ነው፣ "ቢና ጊ" ብላችሁ ቀድማችሁ ንገሩ። የበሬ ሥጋ አትጠይቁ፤ በራጃስታን ከብት ማረድ በሕግ የተከለከለ ነው፣ ሰዉንም ያስቀይማል። ውኃ የታሸገ ብቻ ጠጡ፣ ክዳኑ ሲከፈት ድምፅ ማሰማቱን እዩ። ኦአርኤስ፣ ሶፍትና ባትሪ ቦርሳችሁ ውስጥ ይኑር። ማታ የመንገድ ውሾች ይሰበሰባሉ፤ አትንኳቸው፣ አትሩጡም፤ ከነከሱ ግን ቁስሉን በሳሙና አጥባችሁ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ።

የሠርግ ወቅት ላይ ከደረሳችሁ ሳትጠሩ አትቀሩም። እሺ በሉ። ስጦታው በፖስታ የሚሰጥ ገንዘብ ነው፣ መጨረሻው አንድ መሆን አለበት፦ 101፣ 501። ያቺን አንድ ሩፒ ሳንቲም እንዳትረሱ።

ሁለተኛው ቀን ላይ ጠዋት 12 ሰዓት ተነስታችሁ ከከተማዋ ዳር ወዳሉት አሮጌ ጉድጓዶች ሂዱ። በዙሪያቸው አራት ረጃጅም ዓምድ አላቸው፤ ውኃ የጠማው መንገደኛ ከአሸዋው ማዶ ሆኖ እንዲያያቸው ነው የተሠሩት። ከሰዓት በኋላ ጊዜ ከተረፋችሁ ፋቴፑር ወይም ናዋልጋር ቅርብ ናቸው፤ ናዋልጋር ያለው በ1902 የተሠራው ፖዳር ሃቬሊ ሙዚየም ስለሆነ ሥዕሉ በደንብ ተጠብቋል፣ ግን በጣም ታድሷልና እኔ የማንዳዋን የደበዘዘውን እመርጣለሁ።

ዘበኛውንና ልጆቹን ፈቅደውላችሁ ፎቶ ካነሳችኋቸው በስልክ እንልካለን ብላችሁ አትለፉ። ስትመለሱ ጁንጁኑ ላይ ፎቶ ቤት ግቡና አሳትሙት፣ ከኋላው የሃቬሊውን ስም ጻፉበት፣ ወደ ማንዳዋ ለሚመለሰው አውቶቡስ ረዳት ስጡት። በሁለተኛው ጉዞዬ ያሳተምኩት ፎቶ በር አጠገብ በሚስማር ተሰቅሎ አግኝቼዋለሁ።