የጥርስ ኢምፕላንትና የደንቸር ሂሳብ፦ አሜሪካ ውስጥ ከኢንሹራንስ ጋር እንዴት እንደሚሰራ

ኢምፕላንት (አጥንት ውስጥ በሚቀበር ብሎን ላይ የሚቆም ጥርስ) ሊያስተክል ወይም ደንቸር (በአንድ ላይ የተሰራ ሰው ሠራሽ ጥርስ) ሊያሰራ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ኢንሹራንሴ ይሸፍናል ወይ?" ብሎ ነው። "አዎ፣ ይሸፍናል" ይሉታል። ሥራው ካለቀ በኋላ ግን ያልጠበቀው ሂሳብ ይመጣበታል። ኢንሹራንሱ የሚከፍለው በኮድ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ሥራ በተሰጠ መለያ፣ ነዋ! አንዱን ኮድ ከፍሎ ቀጣዩን ሊከለክል ይችላል። ስለዚህ ማንም መሰርሰሪያ ሳያነሳ ኮዶቹ እጅዎ ላይ መሆን አለባቸው።

መጀመሪያ፦ ኮድ ያለበት የሕክምና ዕቅድ ይቀበሉ

ኮዶቹ ሲዲቲ (CDT) ይባላሉ። የሚያወጣቸው የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር ሲሆን በየዓመቱ ጃንዋሪ 1 ይታደሳሉ። ሁሉም በ"ዲ" (D) ጀምረው አራት አሃዝ ይከተላቸዋል።

አንድ ኢምፕላንት በሂሳብ በኩል ቢያንስ ሦስት ነገር ነው። አጥንት ውስጥ የሚቀበረው ብሎን ዲ6010 ነው። በብሎኑና በጥርሱ መካከል የሚገባው ማያያዣ፣ አባትመንት የሚሉት፣ ከፋብሪካ ተዘጋጅቶ የመጣ ከሆነ ዲ6056 ነው። ለእርስዎ አፍ ተለክቶ የተሰራ ከሆነ ደግሞ ዲ6057። ከላይ የሚታየው ክራውን ሌላ ኮድ አለው። የፖርሴሊን ክራውን አባትመንት ላይ ከተቀመጠ ዲ6058፣ በቀጥታ ብሎኑ ላይ ከታሰረ ዲ6065 ይሆናል። ለአንድ ጥርስ ዲ6065 ተጽፎ አባትመንትም ለብቻው ከተጠየቀብዎ ያስረዱኝ ይበሉ። ሁለቱ አብረው መሄድ የለባቸውም።

ከዚህ በፊት የሚመጡትንም አይርሱ። ጥርስ መንቀል ዲ7140፣ አጥንት ተቆርጦ ወይም ጥርሱ ተከፋፍሎ ከሆነ ዲ7210። ጥርሱ የተነቀለበት ጉድጓድ አጥንት ሲሞላ ዲ7953፣ ብሎኑ በሚተከልበት ቀን ሲሞላ ዲ6104።

ሙሉ ደንቸር የላይኛው ዲ5110፣ የታችኛው ዲ5120 ነው። ጥርስ በተነቀለበት ቀን የሚገባው ደግሞ ዲ5130 እና ዲ5140። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይጎዳል። ድድ እየዳነ ሲሄድ ይሟሽሻል፤ ያኔ ደንቸሩ ይላላል። አዲስ ልሥራ ሲሉ ግን ብዙ ኢንሹራንሶች "አንዴ ከፍለናል" ይላሉ። ስለዚህ ደንቸሩን ከውስጥ በኩል ማስተካከልና ማጥበቅ በዋጋው ውስጥ እንዳለ፣ ለስንት ወርም እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ። ኢምፕላንት ላይ ተጭኖ የሚወልቅ ሙሉ ደንቸር ዲ6110 (ላይ) እና ዲ6111 (ታች) ነው። የማይወልቀው ዲ6114 እና ዲ6115። ብሎኖቹ በዚህ ውስጥ አይካተቱም፤ እያንዳንዳቸው ለብቻ ይቆጠራሉ።

ቀጥሎ፦ ኮዶቹን ይዘው ኢንሹራንሱ ጋ ይደውሉ

በጣም አስፈላጊው ጥያቄ ይሄ ነው፦ "ኢንሹራንሱን ከመግባቴ በፊት የወለቀ ጥርስ ይሸፈናል?" ብዙ ውሎች አይሸፍኑም። ጥርሱ ከዓመታት በፊት ከወለቀ፣ "ኢምፕላንት ይሸፈናል" መባሉ ለእርስዎ ምንም ላይጠቅም ይችላል። በእኔ እምነት ሰው ሳያየው ፈርሞ የሚያልፈው ከባዱ አንቀጽ ይሄ ነው።

የመቆያ ጊዜ (ኢንሹራንሱ ከገቡ በኋላ መክፈል እስኪጀምር የሚጠብቁት ጊዜ) ካለም ይጠይቁ፤ ለእንዲህ ዓይነት ሥራ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 12 ወር ነው። የቆየ ደንቸር ካለዎት በስንት ዓመት ይቀየራል? 5 ዓመት የሚሉ አሉ፣ 10 የሚሉም አሉ። "በርካሹ አማራጭ ልክ እንከፍላለን" የሚል አንቀጽም አለ። ኢምፕላንት አስተክለው የሚከፈልልዎት የሚወልቅ ጥርስ ዋጋ ይሆናል ማለት ነው። ያነጋገረዎትን ሰው ስም፣ ቀኑንና የጥሪውን መለያ ቁጥር ይጻፉ።

ቅድመ ግምት በጽሑፍ ያስመጡ

ቅድመ ግምት ማለት ሥራው ሳይጀመር ኢንሹራንሱ ስንት እንደሚከፍል የሚሰጠው መልስ ነው። ክሊኒኩ ኤክስሬይና አጭር ማብራሪያ አያይዞ ለኢንሹራንሱ ይልካል። ማብራሪያው ጥርሱ መቼና ለምን እንደወለቀ ይናገር። መልሱ የክፍያ ዋስትና አይደለም፤ በሥራው ቀን ኢንሹራንሱ ከተቋረጠ ወይም የዓመቱ ገንዘብ ካለቀ ይቀየራል። ቢሆንም ያለሱ አይጀምሩ።

ቀጠሮውን ከዓመቱ ጣሪያ ጋር ያስማሙ

እንበል ብሎኑ 2,000፣ አባትመንቱ 700፣ ክራውኑ 1,300 ዶላር ነው። ድምሩ 4,000። ኢንሹራንሱ 50 በመቶ ይከፍላል፤ የዓመት ጣሪያው (በዓመት ቢበዛ የሚከፍለው) ግን 1,500 ነው። ሁሉም በአንድ ዓመት ካለቀ የሚያገኙት 1,500 ብቻ ነው። ብሎኑ ኖቬምበር ላይ ገብቶ የቀረው በሚቀጥለው ዓመት ከተሰራ ግን መጀመሪያ 1,000፣ ቀጥሎ ሌላ 1,000 ይከፈላል። አጥንቱ ብሎኑን እስኪይዝ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ስለሚፈጅ ይሄ አያስቸግርም። ቀጠሮ ማስተካከል መብትዎ ነው። ሥራው ባልተሰራበት ቀን እንደተሰራ አድርጎ ማስጻፍ ግን ማጭበርበር ነው፤ ክሊኒኩ ቢያቀርብልዎትም እሺ አይበሉ።

ክሌሙ (የክፍያ ጥያቄው) ሲላክ

የጥርሱ ቁጥር ከ1 እስከ 32 ካሉት በትክክል ይጻፍ፤ ለምሳሌ በታች በግራ በኩል ያለው የመጀመሪያው የመንጋጋ ጥርስ 19 ነው። ለሙሉ ደንቸር በጥርስ ቁጥር ፈንታ የላይኛው መንጋጋ 01፣ የታችኛው 02 ይባላል። ፎርሙ ላይ "የቀድሞ ሰው ሠራሽ ጥርስ መተኪያ ነው ወይ?" የሚል ጥያቄ አለ። አዎ ከሆነ የቀድሞው የገባበት ቀን ይሞላ። ይህች አንዲት ክፍት ቦታ ባዶ ስለቀረች ብቻ የሚመለስ ክሌም አለ። ብዙ ኢንሹራንሶች የሚከፍሉት ጥርሱ አፍዎ ውስጥ በገባበት ቀን ስለሆነ፣ ኢንሹራንስዎ በአሠሪ በኩል ከሆነና ከዚያ በፊት ሥራ መቀየር ካሰቡ ይጠንቀቁ።

ጥርሱ የጠፋው በአደጋ ወይም በዕጢ ቀዶ ሕክምና ከሆነ የጤና ኢንሹራንሱንም ይሞክሩ። እዚያ ፎርሙም ኮዱም ሌላ ነው። መደበኛው ሜዲኬር (በዋናነት ለአረጋውያን የሆነው የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ) በጥቅሉ ለደንቸርና ለኢምፕላንት አይከፍልም። ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች የሆነው የመንግሥት ኢንሹራንስ) ለአዋቂዎች የሚሰጠው እንደየስቴቱ ይለያያል።

ከተከለከሉ

የሚላክልዎት የክፍያ ማብራሪያ ላይ ምክንያቱ ተጽፏል፤ ከቅድመ ግምቱ ጋር ጎን ለጎን አድርገው ያንብቡት። የጎደለ ኤክስሬይ ወይም የተሳሳተ ቁጥር ከሆነ ክሊኒኩ አርሞ ይላከው። ሕክምናው አያስፈልግም ከተባለ ግን ይግባኝ ይጠይቁ። ኢንሹራንሱ በአሠሪ በኩል ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ 180 ቀን አለዎት። ደብዳቤው ላይ የክሌሙን ቁጥርና ኮዱን ይጥቀሱ፣ የሐኪሙን ማብራሪያና ኤክስሬዩን ያያይዙ፤ ክልከላው የተመሠረተበትን የውሉን አንቀጽ ቅጂም እንዲልኩልዎት ይጠይቁ።