ክንድ ላይ የሚለጠፍ የስኳር መለኪያ፦ አገር ቤት ላሉ ወላጆች ከውጭ ሆኖ ማዘጋጀት

ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ የሚወስዱ አረጋዊ ወላጅ ካሉዎት ይበልጥ የሚያሰጋው የሌሊቱ የስኳር መውረድ ነው። ብዙ ቤት ዳኦኒል የሚባለው ግሊቤንክላሚድ ሰውነት ውስጥ ረጅም ሰዓት ይቆያል፤ ኩላሊት በዕድሜ ሲደክም ደግሞ ይጠራቀማል። እራት ቀምሰው ብቻ የተኙ እናት ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ስኳራቸው 50 ቢደርስ እንቅልፍ ላይ ስለሆኑ ላያውቁት ይችላሉ። ዕድሜ ሲገፋ ላቡም መንቀጥቀጡም እየደበዘዘ ይሄዳል። ክንድ ላይ ተለጥፎ ቀን ከሌት የሚለካው ሴንሰር ዋና ጥቅሙ ይህን ሰዓት መጠበቁ ነው።

ሜትፎርሚን ብቻ ለሚወስዱ ወላጅ ዓመቱን ሙሉ ሴንሰር መግዛት አያስፈልግም። ከሐኪም ቀጠሮ በፊት አንዱን ለ14 ቀን ማድረግ ይበቃል፤ ከዚያ ውስጥ ቢያንስ 70 በመቶው ከተመዘገበ ሐኪሙ ሊመራበት የሚችል ሪፖርት ይወጣል። ዓመቱን ሙሉ ለሚያደርጉ ግን የ14 ቀን ሴንሰር 26 ያስፈልጋል። አንዳንዱ ስለሚወልቅና ስለሚበላሽ 30 ብለው ያስቡ።

ከሁሉ በፊት ግን ሰው ያግኙ። ደወሉ እርስዎ ስልክ ላይ ቢጮህም ስኳር በጥብጦ የሚያጠጣው እዚያው ቤት የሚያድር ሰው ነው። የቤት ሠራተኛዋ፣ የወንድም ልጅ ወይም ቁልፍ ያለው ጎረቤት ሊሆን ይችላል። ሁለት ሰው ይምረጡ፤ አንዱ ለበዓል ወይም ለለቅሶ አገር ሲሄድ ሌላው እንዲኖር። ይህ ሳይያዝ ሴንሰር መላክ እርስዎን ከሩቅ ማስጨነቅ ብቻ ነው።

የቱን መግዛት

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከፈረንጆች 2024 ወዲህ አሜሪካ ውስጥ ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሸጡት ስቴሎና ሊንጎ ለእነዚህ ወላጆች አይሆኑም። ስቴሎ የተሠራው ኢንሱሊን ለማይወስዱ ሰዎች ነው፤ ስኳር ሲወርድ የሚጮህ ደወል የለውም። ሊንጎ ስኳር ለሌለባቸው የታሰበ ሲሆን የሚያሳየውም ከ55 እስከ 200 ያለውን ብቻ ነው። ደወል ያላቸው ፍሪስታይል ሊብሬ 2 እና 3፣ እንዲሁም ዴክስኮም ጂ7 ናቸው። ሊብሬ 14 ቀን ይቆያል፤ ፕላስ የሚባሉት ዓይነቶች 15 ቀን። የተለመደው ጂ7 10 ቀን ነው። ከተለጠፈ በኋላ ሊብሬ አንድ ሰዓት፣ ጂ7 ግማሽ ሰዓት ይሞቃል፤ እስከዚያ ቁጥር አይሰጥም።

ሴንሰሩና አፑ የአንድ አገር መሆን አለባቸው። አሜሪካ የተገዛ ሊብሬ አውሮፓ ከተከፈተ አካውንት ከወረደ አፕ ጋር በአብዛኛው አይናበብም። ስለዚህ ስልኩን እርስዎ ባሉበት አገር አካውንት አዘጋጅተው፣ አፑን ጭነው፣ የመጀመሪያውን ሴንሰር አገር ቤት ሄደው ሳሉ ራስዎ ለጥፈው ቢያስጀምሩ ይሻላል። ሊብሬ 2ን ለማስጀመር ስልኩ ኤንኤፍሲ (NFC፣ ስልኩን በማስጠጋት ብቻ የሚያናብብ) ያስፈልገዋል። ርካሽ የሆኑ ብዙ አንድሮይድ ስልኮች ይህ የላቸውም፤ አገር ቤት ያለውን ስልክ ተማምነው ከመሄድዎ በፊት ያጣሩ።

መለኪያውንም ይዩ። አገር ቤት ሐኪሙም ቤተሰቡም የለመደው ሚሊግራም በዴሲሊትር ነው። ብሪታንያ ወይም ካናዳ የተገዛ ማሳያ በሚሊሞል በሊትር ይናገራል፤ እዚያ 3.9 የሚለው አገር ቤት 70 ነው። በ18 ያባዙት። “6 ገባ” ተብሎ ቤቱ ሁሉ የሚደናገጠው በዚህ ነው።

ሳጥኖቹን በእጅ ሻንጣ ይያዙ፤ የሐኪም ደብዳቤና የግዢ ደረሰኝ ይኑርዎት። ሊብሬ 2 ከ4 እስከ 25 ዲግሪ፣ ዴክስኮም ጂ7 ከ2 እስከ 30 ዲግሪ ውስጥ ይቀመጣል። አዲስ አበባ ላይ ቁም ሣጥን በቂ ነው፤ ድሬዳዋ፣ መተማ ወይም አፋር ግን ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ከበረዶው ክፍል ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ከፍታም ወሰን አለው፦ ሊብሬ የሚሠራው እስከ 3,048 ሜትር ነው። አዲስ አበባና ደብረ ብርሃን ከዚያ በታች ናቸው። እንጦጦ አናት ላይ ወይም ባሌ ተራሮች ዲንሾ አካባቢ የሚኖሩ ከሆነ ግን ከፍታው ስለሚያልፍ ቁጥሩን በጣት ደም ማረጋገጥ ይገባል። የጣት መለኪያዎችም የየራሳቸው የከፍታ ወሰን ስላላቸው ወረቀታቸውን ያንብቡ።

አለጣጠፍ

ቦታው የላይኛው ክንድ ጀርባ ነው። ክንዱን በሳሙና አጥቦ፣ በአልኮል ጠርጎ፣ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ መጠበቅ። ቫዝሊን ወይም ቅባት የተቀባ ክንድ ላይ ከሁለት ቀን በላይ አይቆይም፤ በየጊዜው የሚወልቅበት ዋናው ምክንያት ይኸው ነው። የአረጋውያን ቆዳ ስስ ስለሆነ በየዙሩ ክንድ ይቀያየር፤ ሲነሣ ጠርዙን በምግብ ዘይት አርሶ ቀስ ብሎ መላጥ እንጂ መንጨት ቆዳውን ይገፍፋል። የመጀመሪያው ቀን ቁጥር ብዙ ጊዜ ስለሚዋዥቅ በዚያ ቀን በጣት ደም እያነጻጸሩ ቢውሉ ጥሩ ነው።

ውኃ አይጎዳውም፤ ሊብሬ በአንድ ሜትር ጥልቀት ግማሽ ሰዓት ይችላል። ጸበል መጠመቅ ይቻላል፣ አለመፈተግ ብቻ ነው። ውዱዕ እስከ ክርን ስለሆነ አይነካውም። ጸበል ላይ የሚያሰጋው ሌላ ነው፦ ጠዋት መድኃኒት ወስደው ሳይበሉ ረፋዱን መቆየታቸው። ጾምም እንዲሁ ነው። በሁዳዴ እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ ሰው ዳኦኒላቸውን ጠዋት ከዋጡ መስመሩ ከቀኑ 5 ሰዓት ጀምሮ ሲወርድ ያዩታል። ያን ግራፍ አትመው ለሐኪሙ ይስጡ። ሐኪሙ ያላቸውን ለእናትዎ የነፍስ አባታቸው፣ ረመዳን ለሚጾሙ አባት ደግሞ የሚያምኗቸው ሼህ ቢያስረዷቸው ከልጅ ስልክ ይልቅ ይሰማል። ከውጭ ሆነው “ዛሬ ኢንሱሊኑን ተዉት” ብለው በራስዎ አይዘዙ።

ደወሉና ሌሊቱ

ሊብሬ 2 ሲመጣ የታችኛው ደወል 70፣ የላይኛው 240 ላይ ነው። ለአረጋዊ ሰው የታችኛውን 80፣ የላይኛውን 280 አካባቢ ማድረግን እናስቀድማለን፤ ከሐኪማቸው ጋር ተነጋገሩበት። 80 ላይ ሲጮህ ሰው ለመቀስቀስ ጊዜ ይገኛል። የላይኛው ዝቅ ካለ ግን ከየምግቡ በኋላ ስለሚጮህ በሦስተኛው ቀን ቤተሰቡ ድምፁን ያጠፋዋል። ለአቅመ ደካማ አረጋውያን የተቀመጠው ዓለም አቀፍ ግብም ይህንኑ ይደግፋል፦ ከ70 እስከ 180 ባለው ውስጥ ከግማሽ በላይ ጊዜ መቆየት፣ ከ70 በታች ግን ከ1 በመቶ ያነሰ።

ስልኩ ከሊብሬ 2 ከ6 ሜትር በላይ ሲርቅ ግንኙነት ይቋረጣል። እናት ጓዳ፣ ስልክ ሳሎን ማለት ደወል የለም ማለት ነው፤ በአንገት የሚንጠለጠል ኪስ ይሰፋላቸው። በስልኩ ማስተካከያ ውስጥ አፑን ከባትሪ ቁጠባ ነፃ ያድርጉት፣ “አትረብሽ” የሚለውን አልፎ እንዲጮህ ይፍቀዱለት፣ ሲስተሙ በራሱ እንዳይታደስ ይዝጉት። መብራት ለሚጠፋበት ሰፈር ፓወርባንክ። ስልኩ ጠፍቶ ቢያድርም ሴንሰሩ የመጨረሻዎቹን 8 ሰዓታት ይይዛል፤ ያ ግን ለመዝገብ እንጂ ለደወል አይሆንም።

ሊብሬን በሊብሬሊንክአፕ (LibreLinkUp)፣ ዴክስኮምን በፎሎው (Dexcom Follow) አፕ ከሩቅ መከታተል ይቻላል። አዲስ አበባ ሌሊት 9 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን በበጋቸው ምሽት 2 ሰዓት ነው። ስለዚህ አሜሪካ ያለው ልጅ የወላጁን ሌሊት ይያዝ፤ ዱባይ፣ ሪያድ ወይም ቴል አቪቭ ያለችው ቀኑን። አፑ 3:00 ብሎ የሚጽፈው ሌሊት በኛ 9 ሰዓት እንደሆነ ለቤት ሠራተኛዋ አስረዷት፤ አለበለዚያ “3 ሰዓት ላይ ወርዶ ነበር” ሲባል እሷ ቁርስ ሰዓት ይመስላታል።

ከ70 በታች ሲገባ የሚደረገው ማቀዝቀዣው ላይ በአማርኛ ተጽፎ ይለጠፍ፦ ሞላ ያለ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውኃ፣ ወይም አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር፣ ወይም ግማሽ ጠርሙስ ዳይት ያልሆነ ለስላሳ። ዳቦና ወተት ይዘገያሉ። 15 ደቂቃ ጠብቆ በጣት ደም መለካት። ሴንሰሩ የሚለካው በቆዳ ሥር ያለውን ፈሳሽ ስለሆነ ከደሙ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ወደኋላ ይቀራል፤ እሱን እያዩ ስኳር መደጋገም ወደ 300 ይወስዳል። የጣት መለኪያና 50 ስትሪፕ ሁልጊዜ ቤት ይኑር። ራሳቸውን ከሳቱ በአፍ ምንም አይሰጥም፤ በጎን አስተኝቶ የቀይ መስቀልን አምቡላንስ 907 መጥራት ነው። ዳኦኒል የሚወስዱ ሰው ቢነቁም እንኳ ሆስፒታል ይሂዱ፤ ከሰዓታት በኋላ ተመልሶ ይወርዳል።

የሐሰት ቁጥርም አለ። በክንዳቸው ላይ ሲተኙ ሴንሰሩ ተጭኖ 55 ሊል ይችላል፤ ሲገላበጡ ይስተካከላል። በቀን ከ500 ሚሊግራም በላይ ቫይታሚን ሲ ሊብሬ 2ን ከፍ አድርጎ ያስነብበዋል፤ ከውጭ የምትልኩትን የሚሟሟ ክኒን ይመለከታል። ኤምአርአይ ወይም ሲቲ ከመነሣታቸው በፊት መነቀል እንዳለበት የሴንሰሩን ወረቀት አይተው ያጣሩ።

ሴንሰር ከጊዜው በፊት ሲሞት ሳይጣል የሳጥኑ መለያ ቁጥርና ስልኩ ላይ የወጣው መልእክት ፎቶ ይነሣና ይላክልዎ። አምራቾቹ ይተካሉ፤ የሚልኩት ግን ወደ ተገዛበት አገር ስለሆነ ደውለው የሚጠይቁት እርስዎ ነዎት።