ስልኩ «15» ብሎ ነበር፣ ቆርቆሮው ግን ሄደ

ስራዬ ደሴ ላይ ቆርቆሮ ማልበስና ሶላር መስቀል ነው። ነፋሱን ሳላይ መሰላል አልወጣም። በየሳምንቱ የሚደወልልኝ ግን ያው ስልክ ላይ ያለውን የነፋስ ትንበያ አሳስቶ ከማንበብ የሚመጣ ችግር ስለሆነ፣ ይኸው ጻፍኩት።

ችግር፦ ትንበያው ቀላል ነፋስ ይላል፣ ጣሪያው ግን ተነሳ።

ያያችሁት አማካዩን ነው። በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር አማካይ ፍጥነት ነው፣ ያውም ገላጣ ቦታ ላይ ከመሬት 10 ሜትር ከፍ ብሎ። ከስር በትንሹ «ገስት» የምትለዋ መስመር አለች። እሷ ናት ለሦስት ሰከንድ ያህል ድንገት የሚመጣውን ግፊት የምትናገረው። ቆርቆሮ የሚገነጥሉት እነዚያ ሦስት ሰከንዶች ናቸው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል፣ ሦስት እጥፍ ሲሆን ዘጠኝ።

ባለፈው ሚያዝያ ጦሳ ተራራ ስር የአንዲት እናት ማድቤት ተነሳ ተብዬ ሄድኩ። አንዱ ቆርቆሮ ከጎረቤት ባህር ዛፍ ላይ ተንጠልጥሏል። «ልጄ፣ ስልኩ 15 ነው አላለም እንዴ?» አሉኝ። ስልካቸውን ተቀብዬ ዝቅ ሳደርገው ገስቱ በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር ይላል። ጣሪያው ላይ ስወጣ ምስማሮቹ ማገሩ ላይ እንደተተከሉ ናቸው፣ ጎማ የሚባል ነገር የላቸውም፣ ቆባቸው ከአዝራር አይበልጥም፤ ቀዳዳው እየሰፋ እየሰፋ ሄዶ ቆርቆሮው በላያቸው ሾልኮ ነው ያመለጠው። እባካችሁ ይሄን ምስማር አትግዙ። ሻጩ «ያው ነው» ቢላችሁም አትግዙ። የጣሪያው ጫፍ ላይ ምስማር አጥብቁ፣ ነፋስ የሚጀምረው ከጫፍ ነው።

መፍትሄው፦ መጀመሪያ ገስቱን እዩ። እኔ በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር ካለፈ አዲስ ቆርቆሮ አላነሳም። ከ40 ካለፈ ጣሪያ ላይ ሰው አይኖርም፣ በቃ።

ገስቱም ትንሽ ሆኖ ነፋሱ ከመጣ ሁለት ነገር ጠርጥሩ። አንደኛው ደመና ነው። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቁሮ፣ ከዝናቡ ቀድሞ አቧራ እያስነሳ የሚመጣው ነፋስ ከደመናው የሚወርድ ቀዝቃዛ አየር ነው፤ የትኛው ሰፈር በስንት ሰዓት እንደሚመታ ስልክ አይነግራችሁም። አቧራውን ስታዩ ውረዱ። ዕቃ ልሰብስብ አትበሉ፣ ውረዱ! ሁለተኛው ቦታ ነው። ዓለም አቀፎቹ ትንበያዎች መሬቱን ከ9 እስከ 25 ኪሎ ሜትር በሚሰፋ ሳጥን ይከፋፍሉታል። ደሴ ከኮምቦልቻ 600 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፣ መንገዱ ግን 25 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ጦሳና የቦርከና ሸለቆ አንድ ሳጥን ውስጥ ገብተው አንድ ቁጥር ሊሰጣቸው ይችላል። ስለዚህ ሁለት ሳምንት ስልኩ ያለውንና ደጃችሁ ላይ ያያችሁትን ጻፉ፣ ልዩነቱ ቶሎ ይገባችኋል።

ችግር፦ አውድማው ላይ ገለባው ወደ ምርቱ ተመለሰ።

አቅጣጫው ተገልብጦ ተነቧል። ነፋስ የሚጠራው በመጣበት ነው፤ «ምስራቅ» ካለ ከምስራቅ ወደ ምዕራብ ይነፍሳል። ቀስቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሄድበትን ያሳያል፣ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መንሹን ከማንሳታችሁ በፊት እፍኝ ገለባ ወደ ላይ በትኑ።

ችግር፦ ቁጥሩ ትንሽ፣ ነፋሱ ብርቱ።

ቁጥሩ በምን መለኪያ እንደተጻፈ እዩ። በሰከንድ 10 ሜትር ማለት በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ነው። አንድ ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ይሆናል።

ችግር፦ ነፋሱ በሰዓቱ አልመጣም።

15:00 ማለት ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። «ዩቲሲ» (የዓለም መነሻ ሰዓት) የሚል ካለ መጀመሪያ 3 ሰዓት ጨምሩበት።

ችግር፦ በእጅ የሚያዘው የነፋስ መለኪያ ዜሮ ይላል።

ከግድግዳ ጥግ ወጥታችሁ ገላጣ ላይ፣ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ያዙት። ርካሹ ባለ ኩባያ መለኪያ አቧራ ሲገባበት መዞሩ ይከብደዋል። እፍ በሉበትና እዩ፤ ቶሎ ከቆመ አትመኑት።