በእንግሊዝኛ ተውላጠ ስም ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

«አይ፣ ሚ፣ ማይ፣ ማይን፣ ማይሰልፍ» እያለ ሰንጠረዡን በቃሉ የሚወጣ ተማሪ ሞልቷል። ያው ተማሪ ሁለት መስመር ሲጽፍ ግን ተውላጠ ስሙን ወይ ይረሳዋል፣ ወይ ይደግመዋል። የሽምደዳ ማነስ አይደለም። አማርኛ ባለቤቱንም ተሳቢውንም ግሱ ላይ ይለጥፋቸዋል፤ «አየሁት» ስንል «እኔ»ም «እሱን»ም ተነግረዋል። እንግሊዝኛ ሁለቱን ለየብቻ፣ በየቦታቸው፣ ያውም አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ይፈልጋቸዋል።

ከሁሉ የሚያስመርረው ድግግሞሹ ነው። «ዘ ቡክ ዛት አይ ቦት ኢት»፣ «ዘ ማን ሁ አይ ሜት ሂም»። ዓመታት የተማረ ሰው ሳይቀር እንዲህ ይጽፋል፤ ሲታረምለት ደግሞ «ታዲያ ‹የገዛሁት› ላይ ያለው ‹ት› የት ገባ?» ይላል። «ዛት» ውስጥ ገባ! «ዛት»፣ «ሁ» እና «ዊች» ማያያዣ ብቻ አይደሉም፤ የተሳቢውን ቦታም ይዘዋል። «ኢት» ከኋላ ተመልሶ ሲመጣ ለአንድ ወንበር ሁለት ሰው ይሆናል።

የሚያጠራጥር ዓረፍተ ነገር ሲገጥማችሁ ለሁለት ክፈሉት። «ዚስ ኢዝ ዘ ቡክ» አንድ፣ «አይ ቦት ኢት» ሁለት። ስታጋጥሟቸው «ኢት»ን አውጡና «ዛት»ን ከፊት አስገቡ፦ «ዚስ ኢዝ ዘ ቡክ ዛት አይ ቦት»። መስተዋድድ ካለ እሱ ባለበት ይቆያል፣ የሚወጣው ተውላጠ ስሙ ብቻ ነው፤ «ዘ ሃውስ ዛት አይ ሊቭ ኢን» ይባላል እንጂ «ሊቭ ኢን ኢት» አይባልም። መስተዋድዱን ወደ ፊት ማምጣት ካማራችሁ «ኢን ዊች» በሉ፤ «ኢን ዛት» እዚህ አይሠራም። ደግሞም «ዛት» ተሳቢ ሲሆን ጨርሶ መተው ይቻላል፤ «ዘ ቡክ አይ ቦት» እንከን የለውም። ባለቤት ሲሆን ግን አይተውም። «ዘ ማን ሊቭስ ሂር ኢዝ ኤ ዶክተር» ሲባል ሁለቱ ግሶች ይጋጫሉ፤ ከ«ማን» ቀጥሎ «ሁ» ወይም «ዛት» የግድ ነው።

«ማይ ብራዘር ሂ ዎርክስ» የዚሁ ዘመድ ነው። ወንድም አንዴ ከተጠራ «ሂ» ምን ሊሠራ መጣ?

መርሳቱ ደግሞ ሌላው ጎን ነው። በአማርኛ «እየዘነበ ነው» እና «ከባድ ነው» ሙሉ ስለሆኑ «ኢዝ ሬይኒንግ»፣ «ኢዝ ዲፊከልት ቱ ስሊፕ» ይጻፋል። በመደበኛ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ፣ ከትእዛዝ በቀር፣ ዓረፍተ ነገር ያለ ባለቤት አይቆምም፤ የሚያመለክተው ነገር ባይኖርም እንኳ «ኢት» ከፊት ይቀመጣል። ተሳቢውም እንደዚሁ። «ዱ ዩ ላይክ ዚስ ሶንግ?» ለሚል ሰው «የስ፣ አይ ላይክ» ብሎ ማቆም ጎደሎ ነው፤ «አይ ላይክ ኢት» በሉ። «አስረዳኝ» ለማለትም «ኤክስፕሌይን ሚ» አይባልም፣ «ኤክስፕሌይን ኢት ቱ ሚ» ነው።

አሉታ ላይ አማርኛ ሁለት ጊዜ ያፈርሳል፦ «ማንም አልመጣም»። እንግሊዝኛ አንዴ ይበቃዋል። «አኒባዲ ዲድንት ካም» ስህተት ነው፤ «ኖባዲ ኬም» ትክክል። በአሉታ «አኒባዲ» የሚመጣው አፍራሹ ቀድሞት ሲገኝ ነው፦ «አይ ዲድንት ሲ አኒባዲ»። «ኖባዲ»ን ከ«ዲድንት» ጋር አታጋቡ።

መኪናም ፀሐይም «ኢት» ናቸው፣ «ሺ» አይደሉም።

አክብሮት ላይ ግን ብዙ ጨዋ ሰው ይሰናከላል። «አባቴ ደወሉ፤ እየመጡ ነው» ለማለት «ማይ ፋዘር ኮልድ፤ ዘይ አር ካሚንግ» ካላችሁ ሰሚው ከአባታችሁ ጋር ሌሎች ሰዎችም ይጠብቃል። «ሂ» ንቀት የለበትም። በእንግሊዝኛ «ዘይ» ለአንድ ሰው የሚውለው በሌላ ምክንያት ነው፦ ጾታው ሳይታወቅ፣ ሰውየው ራሱ እንዲህ ጥሩኝ ሲል፣ ወይም ከ«ኤቭሪባዲ» በኋላ። «ኤቭሪባዲ ሃዝ ዜር ኦውን ቡክ» ሲባል ግሱ ነጠላ፣ አገናዛቢው ግን «ዜር» ነው። ይህን ስህተት ነው ብለው በቀይ የሚያሰምሩ አራሚዎች ዛሬም አሉ፤ አጠቃቀሙ ግን ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ያለ ነው፤ የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር የአጻጻፍ መመሪያም እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው 7ኛ እትሙ ተቀብሎታል።

«አይ» ከ«ሚ» የተሻለ ትሕትና የሚመስላቸው «ቢትዊን ዩ ኤንድ አይ» ይላሉ። ከመስተዋድድ በኋላ «ሚ» ነው። «ሺ ኢንቫይትድ ማርታ ኤንድ አይ» የሚለው ካጠራጠራችሁ ማርታን አውጡና አንብቡት፤ «ሺ ኢንቫይትድ አይ» ጆሮ ይቆረቁራል፤ ስለዚህ «ሺ ኢንቫይትድ ማርታ ኤንድ ሚ»። ከዚህ ለመሸሽ «ማይሰልፍ» ማለትም አያድንም፤ እሱ የሚገባው ድርጊቱ ወደ አድራጊው ሲመለስ ወይም «እኔው ራሴ» ብሎ ለማጥበቅ ነው። «ተያዩ» ለማለት «ዘይ ሉክድ አት ዘምሰልቭስ» ካላችሁ መስታወት ፊት አቆማችኋቸው፤ «ኢች አዘር» ነው የፈለጋችሁት።

«ኢትስ» ላይ አፖስትሮፍ (’) የሚገባው ቃሉ «ኢት ኢዝ» ወይም «ኢት ሃዝ» ተብሎ ሲዘረዘር ትርጉም ከሰጠ ብቻ ነው። «ኸርስ»፣ «ዩርስ»፣ «ዜርስ» መቼም አፖስትሮፍ አይነካቸውም።

የመጨረሻው የቦታ ጉዳይ ነው። «ተርን ኦፍ ዘ ላይት» እና «ተርን ዘ ላይት ኦፍ» ሁለቱም ያስኬዳሉ። ስሙ በተውላጠ ስም ሲተካ ግን መሃል ብቻ ይገባል፦ «ተርን ኢት ኦፍ»። «ሉክ ፎር»ን ከዚህ ጋር አታምታቱት፤ እዚያ «ፎር» መስተዋድድ ስለሆነ ተውላጠ ስሙ ከኋላው ይመጣል፣ «ሉክ ፎር ኢት»።