ስፌትም ኑሮም በአንድ ቤት፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ «ቀይ ኮረብታ» ማለት ነው። በክረምት ጫማ ላይ ተጣብቆ ደረጃውን የሚወጣው ግን ጥቁር መረሬ ነው፤ በበጋ ደግሞ ያው ጭቃ አቧራ ሆኖ በመስኮት ይገባል። እኔ እዚህ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሐበሻ ቀሚስ እሰፋለሁ። ነጭ ጨርቅ ከጭቃ፣ ከሁለት ልጆችና ከወጥ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ይኖራል ማለት ነው። ከዚህ በታች ያሉትን ስህተቶች ሁሉንም ሠርቻቸዋለሁ፤ አንዳንዶቹን ሁለት ጊዜ።

መጀመሪያ ሳጥን መግዛት። ቤት ሲዝረከረክ ሰው ቶሎ የሚታየው መርካቶ ወርዶ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሳጥን መግዛት ነው። እኔም 6 ገዝቼ ታክሲ ጣሪያ ላይ አስጭኜ መጣሁ። ወለሉ በአንድ ቀን ጠራ። ከ3 ወር በኋላ የደንበኛ ዚፕ ፍለጋ ስድስቱንም ስገለብጥ፣ ከአንዱ የልጄ የክትባት ካርድና የደረቀ ሎሚ ወጣ። ለካ ዝርክርኩ ክዳን ተገጥሞለት ኖሯል። ዕቃውን አስቀድመው አንሶላ ላይ ያፍስሱት፤ የሚጣለው ተጥሎ፣ የሚሰጠው ተሰጥቶ ሲያበቃ ስንት ሳጥን እንደሚያስፈልግ ይታያል። ለእኔ 2 በቁኝ። አራቱ አሁን ሽሮና ምስር ይዘዋል።

ቅሪት ሁሉ ያስፈልጋል ማለት። ለሚሰፋ ሰው ጨርቅ መጣል እንጀራ እንደ መጣል ነው። ጥለት ሲሆን ይብሳል፤ ሸማኔው ክር እየቆጠረ ያወጣውን ጥበብ ወደ ቆሻሻ ለመወርወር እጅ አይታዘዝም። በዚህ ምክንያት አልጋዬ ሥር ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ ቅሪት ነበረኝ፤ በዓመት ውስጥ ያወጣሁለት ጥቅም አንዲት የሕፃን ቀሚስ ብቻ ነበረች። አሁን መለኪያዬ ስንዝር ነው። ከስንዝር ያነሰው የትራስ ሙሌት ይሆናል። ከስንዝር እስከ ክንድ ያለው በቀለም ተለይቶ ይታጠፋል፤ ጥለት ከሆነ ግን ካርቶን ላይ ይጠቀለላል እንጂ አይታጠፍም። ከክንድ በላይ የሆነውን ቅሪት ብዬ አልጠራውም፣ ከጨርቁ ጋር ይቀመጣል። ማዳበሪያውም አንድ ብቻ ነው፤ ሲሞላ ከታች «ልዋጭ!» የሚል ድምፅ እስኪሰማ እጠብቃለሁ። ሰውዬው ቅሪት ሲያይ ፊቱን ቢያጠቁርም አሮጌ ሱሪ ጨምሬበት ሳፋ እቀበለዋለሁ። (ሳፋውም በተራው ቦታ ይፈልጋል፣ እሱን አልክድም።)

የሥራና የቤት ዕቃን ማቀላቀል። የጨርቅ መቀስ ወረቀትና ካርቶን ከቆረጠ ይደነዝዛል፤ ከዚያ በኋላ ጨርቁን ያኝከዋል እንጂ አይቆርጠውም። የእኔ መቀስ እጀታው ላይ ቀይ ክር ታስሮበት ከማሽኑ በላይ ሚስማር ላይ ይሰቀላል። ልጆቹ ሕጉን ያውቃሉ። ባለቤቴ ግን የወተት ላስቲክ ሲከፍትበት እጅ ከፍንጅ ይዤዋለሁ።

ከዚህ የሚከፋው በሚቆረጥበት ጠረጴዛ ላይ መብላት ነው። አንድ እሑድ አልጫ የነካ የልጅ ጣት የሙሽራ ቀሚስ ጫፍ ላይ አረፈ። አውራ ጣት የምታህል ቢጫ ነጠብጣብ። ደንግጬ በሳሙና ባሸሁት ጊዜ ቢጫው ወደ ቀይ ተለወጠ! እርድ ሳሙና ሲነካው እንደሚቀላ ያኔ አላውቅም ነበር። ያዳነኝ ፀሐይ ነው፤ እርድ ፀሐይ አይችልም። እያረጠብኩ ሁለት ቀን በረንዳ ላይ ዘረጋሁት፣ እየገረጣ እየገረጣ ጠፋ። ሁለተኛ ጠረጴዛ የሚገባበት ቦታ ስለሌለኝ ዛሬም እዚያው እንበላለን፤ ነገር ግን ከምግብ በፊት የተጀመረው ሥራ እንዳለ ትልቅ ሰፌድ ላይ ይነሣና ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ይወጣል፤ ጠረጴዛው ላይም ላስቲክ ይዘረጋል። ሰፌዱ ሥራውን ሳያናጋ ስለሚሸከም ክርና መርፌ እንደገና አልፈልግም።

ቁም ሣጥንን ከውጭ ግድግዳ ጋር ማጣበቅ። ከሰኔ እስከ መስከረም የብሎኬቱ ግድግዳ እርጥበት ይይዛል፤ አየር በማያልፍበት በኩል ሻጋታው ማንም ሳያየው ይራባል። አራት ጣት ያህል ክፍተት ይተዉ፤ ከተቻለ ጨርቁን ከውስጠኛው ግድግዳ ጋር ያድርጉት። የተተኮሰ ልብስም የካውያው እንፋሎት ሳይወጣለት በፌስታል አይቋጠር። እኔ በአሮጌ ንጹሕ ነጠላ እጠቀልለዋለሁ፤ አቧራ ይከለክላል፣ ያስተነፍሳልም።

ኮሪደሩን እንደ ዕቃ ቤት ማየት። ደረጃው የጋራ ነው። የኔን ካርቶን በጨለማ የረገጡት የላይኛው ፎቅ እማማ ምንም አላሉኝም፣ ዝምታቸው ግን በቃኝ።

ለበዓል ብቻ ማጽዳት። ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ ቤት መገልበጥ ደግ ነው፤ የሚሠራበት ክፍል ግን በዓመት ሁለት ጊዜ በሚደረግ ዘመቻ አይያዝም። ማታ ማታ 10 ደቂቃ፦ ክር ወደ ክሩ፣ ቁርጥራጭ ወደ ማዳበሪያው።

ስፒልን በቁጥር አለመያዝ። ባዶ እግራቸውን የሚሮጡ ልጆች ባሉበት ቤት ይህ ቀልድ አይደለም። ከተበላሸ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ያወጣሁት ማግኔት ማሽኑ ጎን አለ፤ ስፒል ሁሉ እሱ ላይ ይሰበሰባል። ማታ ማሽኑን ከመክደኔ በፊት እቆጥራለሁ። 20 ነው ያለኝ። 19 ከሆነ፣ እስኪገኝ ድረስ ማንም ጫማውን አያወልቅም።