የጦርነት ዘመን የወንጀል አኃዝ እንዴት ይነበባል?

ከግንባር ርቆ በሚኖረው ሕዝብ ዘንድ ወንጀል መጨመሩን የሚመረምር ሰው፣ ከድምሩ በፊት ሕጉ ምን ያህል እንደተለወጠ ያጣራ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በእንግሊዝና በዌልስ ፖሊስ የመዘገበው ወንጀል እ.ኤ.አ. በ1939 ከነበረበት 300 ሺህ ገደማ ተነሥቶ በ1945 ከ470 ሺህ በላይ ደርሷል። ይህ ድምር ቀላል የደንብ መተላለፍን አይጨምርም፤ የክሶችን ቁጥር ሲያዩ ግን ይጠንቀቁ፦ የጠላት አውሮፕላን ዒላማ እንዳያገኝ በወጣው የመብራት ደንብ ምክንያት፣ መስኮቱን ሳይጋርድ መብራት ያበራ ሰው ትናንት ነጻ ነበር፣ ከመስከረም 1939 ወዲህ ግን ተከሳሽ ሆነ፤ ስለዚህ እንዲህ ያለውን የደንብ መተላለፍ ከስርቆት ለይተው ይቁጠሩ።

ቀጥሎ የተሰረቀውን ዕቃ ይመልከቱ። በጥር 1940 ቅቤና ስኳር፣ በሰኔ 1941 ደግሞ ልብስ በራሽን መታደል ሲጀምር፣ ድርሻን ለመግዛት የሚያስፈልገው ኩፖን ራሱ እንደ ገንዘብ የሚሰረቅና በሐሰት የሚታተም ሆነ። በቦምብ ከፈረሱ ቤቶች ንብረት በመዝረፍ ከተፈረደባቸው መካከል (ይህ ብዙዎችን ያስገርማል) የእሳት አደጋና የፍርስራሽ ማንሻ ሠራተኞች ይገኙበታል። ወጣቶች ወደ ጦር ሠራዊት፣ ፖሊሶችም እንዲሁ በመሄዳቸው፣ አኃዙን ከቀረው ሕዝብና ከመዝጋቢው ብዛት ጋር ያነጻጽሩ።